የሚጠግን እጅ መሥራት ያንሰዋልን?

የሆቴል ዕቃና የአገር ውስጥ ምርት ጥያቄ

በሰው ጉልበት የተሠራ ማንኛውም ዕቃ ሁለት ጥቅሞችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው ዕቃው ለተገልጋዩ የሚሰጠው አገልግሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃውን በመሥራት ሂደት ሠራተኛው የሚያካብተው ሙያ ነው። አገልግሎቱ ከዕቃው ጋር ያረጃል፤ ከዕቃውም ጋር ይጣላል። ሙያው ግን በሠሪው እጅና አእምሮ ውስጥ ይቀራል፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ከነባሩ ሠራተኛ ወደ ተለማማጁ ይተላለፋል። አንድ ኅብረተሰብ ያለቀለትን ዕቃ ከውጭ ገዝቶ ሲገለገል የመጀመሪያውን ጥቅም ያገኛል፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው በተሠራበት አገር ይቀራል። ስለ ሆቴሎቻችን አልጋ፣ ወንበርና ቁም ሣጥን ዛሬ የምንጽፈው ይህንኑ ሐቅ መነሻ በማድረግ ነው።

የአልጋና የወንበር ነገር ለአንዳንድ አንባቢ የባለሆቴሎች የግል ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። እስቲ በቁጥር እንመልከተው። መቶ ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል በየክፍሉ ቢያንስ አንድ አልጋ፣ አንድ ራስጌ፣ ሁለት ኮመዲኖ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የሻንጣ ማስቀመጫና አንድ ባለፍሬም መስተዋት ያስፈልገዋል። ይህ በክፍል አሥር፣ በጠቅላላው አንድ ሺህ ዕቃ ማለት ነው። የምግብ ቤቱ፣ የስብሰባ አዳራሹና የእንግዳ መቀበያው ወንበርና ጠረጴዛ ገና አልተቆጠረም። በአዲስ አበባ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በ373 ክፍሎች ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያን ስካይላይት ሆቴል ከማስፋፊያው በኋላ 1,024 ክፍሎች ያሉት ሆኗል። በዚሁ ስሌት ይህን የሚያህል ሆቴል ለመኝታ ክፍሎቹ ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ዕቃ ይፈልጋል።

ይህም አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ አይደለም። በዓለም አቀፍ የሆቴል አስተዳደር ዘንድ ከገቢው ወደ 4 ከመቶ የሚጠጋ ገንዘብ ለዕቃ መተኪያ የማስቀመጥ ልማድ የተፈጠረው፣ የሆቴል ዕቃ በእንግዳ ብዛት ቶሎ የሚጎዳ በመሆኑ ነው። ስለሆነም የሆቴል ዕቃ ፍላጎት የማይቋረጥ ፍላጎት ነው። የማይቋረጥ ፍላጎት ደግሞ ለአንድ የምርት ዘርፍ የሕልውና መሠረት ነው። ጥያቄው ይህ መሠረት የተጣለው ለማን ፋብሪካ ነው የሚለው ይሆናል።

በመዲናችን በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ያየነው ነገር ጥያቄውን በግልጽ ያስቀምጠዋል። የሆቴሉ ዕቃ በሙሉ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ የመጣ ነው። በእንግዳ መቀበያው ጥግ ብቻ አንዲት የጅማ በርጩማ ለጌጥ ተቀምጣለች፤ ማንም አይቀመጥባትም። በላይኛው ፎቅ ግን፣ በአካባቢው በማኅበር ተደራጅተው የእንጨት ሥራ ከሚሠሩት መካከል አንዱ አናጢ ተንበርክኮ የቁም ሣጥን መዝጊያ ይጠግናል። ማጠፊያው ተገንጥሏል፤ የዚያ ዓይነት መለዋወጫ በገበያ አይገኝም። አናጢው የተፈረፈረውን ቺፕውድ ጠርጎ ቦታውን በእንጨት ሞላው፤ ሌላ ማጠፊያ አስማምቶ መዝጊያውን መልሶ ገጠመው። ሥራውም ከመጀመሪያው የጠነከረ ሆነ። ይኸው አናጢ አባል የሆነበት ማኅበር የሆቴሉን ዕቃ ለመሥራት አመልክቶ እንደነበርና፣ አንድ ናሙና እንኳ ሳይጠየቅ አቅም የለውም ተብሎ እንደተመለሰ በኋላ ተረዳን።

እንግዲህ ቅራኔው ይህ ነው። የተሰበረውን እንዲጠግን የታመነ እጅ፣ አዲሱን እንዲሠራ አልታመነም። በርጩማዋ ለጌጥ፣ አናጢው ለጥገና፣ ዋናው ሥራ ለባሕር ማዶ ፋብሪካ ተመድበዋል።

በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የውጭ የሆነ ሁሉ የላቀ ነው የሚለው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ አመለካከት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአገር ውስጥ ዕቃ የአገር ውስጥ በመሆኑ ብቻ፣ ጥራቱና የማስረከቢያ ጊዜው ሳይመረመር ይገዛ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛውን ይንቃል፤ ሁለተኛው ሠራተኛውን ያታልላል። ሁለቱንም በየተራ እንመርምር።

ባለሆቴሉ ወደ ውጭ የሚመለከትበት ምክንያት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሦስት መቶ ወንበሮችን በአንድ መልክ፣ በአንድ ቀለምና በአንድ ልክ፣ በተወሰነ ቀን መረከብ ይፈልጋል። የባንክ ብድሩ ወለድ ይቆጥራል፤ አንድ ወር የዘገየ ዕቃ ለእርሱ አንድ ወር የተዘጋ ሆቴል ነው። በዓለም አቀፍ ስም የሚተዳደሩ ሆቴሎች ደግሞ ስፖንጁ እሳት በቀላሉ የማይዘው፣ ወንበሩም የብዙ ሰው ክብደት ለዓመታት የሚችል እንዲሆን የሚያስገድድ በጽሑፍ የሰፈረ መመዘኛ አላቸው። መመዘኛውን ያላሟላ ዕቃ በአገር ፍቅር ስም ይገዛ ብለን ልንከራከር አንችልም።

ነገር ግን የውጭው ዕቃ ዋጋ በፋብሪካው በር ላይ በተጻፈው ቁጥር አያበቃም። ፈርኒቸር ከክብደቱ ይልቅ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዘው 67 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህ ኮንቴይነር በተገጣጠሙ ወንበሮች ሲሞላ፣ ከእንጨቱ ይልቅ የሚበዛው በእግሮቹ መካከል ያለው ባዶ አየር ነው። ይህ አየር በውጭ ምንዛሪ እየተከፈለለት ባሕር ይሻገራል፤ ከጅቡቲም እስከ አዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በአሮጌው ተመን ርካሽ መስሎ ይታይ የነበረው የባሕር ማዶ ዕቃ በአዲሱ ተመን እንደገና መሰላት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የጥገናው ወጪ ይጨመራል። አንድ ማጠፊያ ሲሰበር ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ስዕሉ በእጃችን የለም፤ የቀለሙ ቁጥርም አይታወቅም። በመሆኑም የአንድ መዝጊያ ብልሽት አንድ ሙሉ ቁም ሣጥን ያስጥላል። ኮከቡም ቢሆን የዕቃውን የትውልድ አገር አይጠይቅም። በ2007 ዓ.ም. ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር በመተባበር በሆቴሎቻችን ላይ የተካሄደው የኮከብ ምደባ፣ ከዕቃ የሚፈለገው ጥራት፣ ምቾትና ደኅንነት መሆኑን ለሁሉም ግልጽ ሊያደርግ ይገባል።

ዝንባሌው በሆቴሎች ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በጥር ወር 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል የቻይና መንግሥት ስጦታ ሲሠራ የውስጥ ዕቃው ሳይቀር ከቻይና መጥቷል። ስጦታን ማመስገን ተገቢ ነው። የአህጉሪቱ መሪዎች ስለ አፍሪካ የኢንዱስትሪ ዕድገት የሚወያዩበት ወንበር በአፍሪካ ሠራተኛ እጅ አለመሠራቱን ልብ ማለትም እንዲሁ ተገቢ ነው።

ታዲያ ቻይና ራሷ ከየት ተነሣች? የዚህ ጥያቄ መልስ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በ1975 ዓ.ም. በደቡብ ቻይና በጓንዡ ከተማ ዋይት ስዋን የተባለው ሆቴል ተከፈተ። በሥራው የተሳተፉት የሆንግ ኮንግ ባለሀብት ሄንሪ ፎክ በኋላ እንዳስታወሱት፣ ለሆቴሉ ያስፈለገው የማስጌጫና የመገልገያ ዕቃ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ዓይነት ነበረው። ከዚህ ውስጥ በአገር ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የመታጠቢያ ገንዳ መድፈኛ ጎማ እንኳ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበረም። ያ ሁሉ ከውጭ ገባ። ዛሬ ከዚያችው ከጓንዡ አጠገብ ያለችው የፎሻን ከተማ ከዓለም ታላላቅ የፈርኒቸር ማምረቻና መገበያያ ማዕከላት አንዷ ናት። የእኛም ነጋዴዎች ለዕቃ ግዢ የሚጓዙት ወደዚያው አካባቢ ነው።

በመካከሉ ያለፈው ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አይሞላም። የተደረገውም ተአምር አይደለም። በመጀመሪያ ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን ናሙናው፣ ስዕሉና ጥሬ ዕቃው እየመጣ የቻይና ሠራተኛ በትእዛዝ ሠራ። በሁለተኛው ደረጃ ማጠፊያ ሠሪው፣ ስፖንጅ ቆራጩ፣ ቀለም ቀማሚውና ማሽን ጠጋኙ በአንድ አካባቢ ተሰባሰቡ፤ የአንዱ ጉድለት በሌላው ተሟላ። በሦስተኛው ደረጃ ስዕሉም የራሳቸው ሆነ። ከዚህ የምንረዳው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ትእዛዝ ትምህርት ቤት ነው። ትእዛዝ ያላገኘ ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት እንዳልገባ ሕፃን፣ አላወቀም ተብሎ ሊወቀስ አይችልም።

ይህ ሲባል የሌላውን አገር መንገድ በጭፍን እንከተል ማለታችን አይደለም። የዚያ ዕድገት ዋጋ በዝቅተኛ ደመወዝና በረጅም የሥራ ሰዓት የተከፈለ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1998 ከደረሰባት የጎርፍ አደጋ በኋላ የራሷን የተፈጥሮ ደኖች መቁረጥ ስትገታ፣ ፋብሪካዎቿ ወደ ሌሎች አገሮች፣ ወደ አፍሪካም ጭምር ደኖች ዞረዋል። ከአፍሪካ በግንድ መልክ የወጣ እንጨት በወንበር መልክ ወደ አፍሪካ ተመልሶ የሚሸጥበት ሁኔታ የተፈጠረው በዚህ ነው። ይህን የተገነዘበችው ጋቦን በ2002 ዓ.ም. ያልተሠራ ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክላ፣ በዋና ከተማዋ በሊብረቪል አቅራቢያ በንኮክ የእንጨት ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች እንዲቋቋሙ አድርጋለች። እገዳው ብቻውን ሙያ አይፈጥርም፤ የሥራውን በር ግን ይከፍታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው የተሳሳተ አመለካከት እንመለስ። እዚህ ላይ ሂሳችን ወደ ራሳችን መዞር ይኖርበታል። በአገር ውስጥ የተሠራ ዕቃ ብለን ከምንጠራው መካከል ቺፕውዱ፣ ኤም ዲ ኤፉ፣ ፎርሚካው፣ ኮላው፣ ማጠፊያውና ስፖንጁ ሁሉ ከውጭ መጥቶ እዚህ የተቆረጠና በብሎን የተያያዘ ብቻ የሆነው ብዙ ነው። የምንዛሪው ተመን ሲለወጥ ይኸኛውም ዕቃ አብሮ የሚወደደው ለዚህ ነው። መገጣጠም የመጀመሪያ ደረጃ እንጂ የመጨረሻ ግብ ሊሆን አይችልም።

ከዚህም የከፋ ጉድለት አለ። እርጥብ እንጨት ደረቅ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ በክረምት የተገጠመ በር በበጋ ይሰነጠቃል። ለመስከረም የተቀጠረ ሥራ ለታኅሣሥ ይደርሳል። ሃያ ወንበር ታዞ ሃያ ዓይነት ቁመት ይቀርባል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በኋላ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ብሎኬት፣ በርና መስኮት እንዲያመርቱ ሥራ ተከፋፍሎላቸው ነበር። ትእዛዙ ብዙ እጆችን አሠልጥኗል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ጥብቅ ርክክብ ባልነበረበት ሁሉ ግን የማይገጥም በርና የማይዘጋ መስኮት ለነዋሪው ተርፎታል። ትምህርት ቤት ያለ ፈተና ትምህርት ቤት እንደማይሆን ሁሉ፣ ትእዛዝም ያለ ቁጥጥር ሙያ አያሳድግም።

ስለዚህ ምን መደረግ አለበት? በእኛ አመለካከት ተግባሮቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የእንጨት ማድረቅ ተግባር ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን እንጨት፣ በእያንዳንዱ መቶ ኪሎ ደረቅ ክብደት ላይ ሊኖረው የሚገባው ውሃ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ያህል ነው። አዲስ የተቆረጠ ግንድ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። በነፋስ ብቻ ሲደርቅ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰባል የሚለው በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ስሌት ነው። በማድረቂያ ክፍል ግን ሥራው በሳምንታት ይቆጠራል። ባሕር ዛፍን የመሰለ እንጨት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቀስ ተብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማል። አንድ አነስተኛ ማኅበር ብቻውን የማድረቂያ ክፍል ሊያቆም አይችልም፤ አሥር ማኅበራት ግን በጋራ ይችላሉ። በአንድ አካባቢ አንድ የጋራ ማድረቂያ ማቋቋም ከመቶ ስብሰባ የበለጠ ውጤት አለው።

ሁለተኛው የጥሬ ዕቃ ተግባር ነው። ነባር አናጢዎቻችን ያደጉበት ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ተመናምነዋል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን ዛፎች ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሏል። የአገር ውስጥ ምርት ይደግ ስንል የቀረውን ደን እንጨርስ ማለታችን አይደለም። ማየት የሚገባን ወደ ተተከለው ዛፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ኮረብታዎቻችንን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለአጥር ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ በማይጨው የቺፕውድ ፋብሪካ ሲቋቋም የታሰበውም በዚሁ እንጨት ለመጠቀም ነው። የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያም አሉ። ቀርከሃን በተመለከተ፣ አገራችን ወደ 1 ሚሊዮን ሔክታር የሚገመት ሀብት አላት። ይህ ሀብት በአሶሳም ሆነ በአዊ ከአጥርና ከቅርጫት አልፎ ወደ ጠረጴዛ ገጽና ወደ ራስጌ መለወጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የሥራ ክፍፍል ተግባር ነው። እያንዳንዱ ማኅበር አልጋም፣ ወንበርም፣ ቁም ሣጥንም ልሥራ ሲል አንዱንም በብዛትና በአንድ ወጥ ልክ አያወጣውም። አንዱ ወንበር ብቻ፣ ሌላው ኮመዲኖ ብቻ፣ ሦስተኛው የስፖንጅና የጨርቅ ሥራ ብቻ ቢይዝና ሁሉም በአንድ ስዕልና በአንድ መለኪያ ቢሠሩ፣ የመቶ ክፍል ትእዛዝ የሚከብድ አይሆንም። ባለሆቴሉ በበኩሉ ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ሙሉ የናሙና ክፍል ያሠራ። በናሙናው ላይ ይቀመጥበት፤ ይተኛበት፤ መሳቢያውን ሺህ ጊዜ ከፍቶ ይዝጋ። ካልተስማማው ይመልስ። ከተስማማው ግን አቅም የለም የሚለው ሰበብ ያበቃል። ማጠፊያውን፣ ቁልፉንና እሳት የሚቋቋመውን ስፖንጅ ለጊዜው ከውጭ ማስገባት ነውር የለበትም። ነውሩ ሳጥኑንም፣ እግሩንም፣ ራስጌውንም፣ ባዶ አየሩንም አብሮ ማስገባት ነው።

አራተኛው የገንዘብና የርክክብ ተግባር ነው። የባሕር ማዶው ፋብሪካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቅድመ ክፍያ ይቀበላል፤ ዕቃው ሳይጫንም ሒሳቡ ይጠናቀቅለታል። የአገር ውስጡ ማኅበር ግን በራሱ ገንዘብ ሠርቶ፣ አስረክቦ፣ ከዚያም ክፍያውን ለወራት እንዲጠብቅ ይደረጋል። ለሁለቱ በእኩል ሚዛን ይሰፈርላቸው። ማኅበሩም በበኩሉ ቀኑን ካሳለፈ ይቀጣ፤ ለሠራው ዕቃ የተወሰነ ዓመት ዋስትና ይስጥ፤ ጥገናውን በውል ይያዝ። እዚሁ ጎረቤት ያለው ሠራተኛ ከባሕር ማዶው ፋብሪካ የሚበልጥበት አንዱና ትልቁ ነገር፣ ሲጠሩት በማግስቱ መምጣት መቻሉ ነው። ይህን ብልጫውን በውል ላይ ማስፈር አለበት።

እነዚህ ተግባሮች የአንድ ወገን ብቻ አይደሉም። በየአካባቢው የምትገኙ የነዋሪዎች ማኅበራት አባላት፣ በሰፈራችሁ የሚሠራ ሆቴል ሲኖር በዚያው ሰፈር ያሉት የእንጨት ሥራ ማኅበራት ናሙና እንዲያቀርቡ መጠየቅ፣ ያቀረቡትም እንዲመረመርላቸው መከታተል ትችላላችሁ። በእንጨት ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ሠራተኞች፣ ደረቅ ያልሆነውን እንጨት ደረቅ ነው ብላችሁ ባስረከባችሁ ቁጥር የምትጎዱት ገዢውን ብቻ አይደለም፤ ከእናንተ ቀጥሎ ትእዛዝ የሚጠብቀውን ጓደኛችሁንም በር ትዘጉበታላችሁ። እንደ ተግባረ እድ ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች መምህራንም፣ ለተማሪ መልመጃ ከሚሠራው በርጩማ ጎን ለጎን ሁለት መቶ ጊዜ ሳይዛነፍ ሊደገም የሚችል ወንበር ማስተማር ይጠበቅባችኋል። ባለሆቴሎች ደግሞ ከወገናቸው ምጽዋት አይጠየቁም፤ የሚጠየቁት ፍትሐዊ ፈተና ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ብሂል በዚህ ጉዳይ ላይ ጌጥ አይደለም፤ የሒሳብ እውነት ነው። ያ ተንበርክኮ መዝጊያ የሚጠግነው አናጢ ሙያውን በጥገና ብቻ ካሳለፈው፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ተለማማጅ የሚማረው የሌላውን ሥራ መለጠፍ ይሆናል። የመጀመሪያው የመቶ ክፍል ትእዛዝ በእጁ ከገባ ግን፣ ሁለተኛውን ለማግኘት የሚለምን አይሆንም፤ ተፈልጎ የሚጠራ ይሆናል። በጓንዡ የገንዳ መድፈኛ ጎማ ያልነበራቸው ሠራተኞች የጀመሩት ከዚህ በበለጠ ነገር አልነበረም። እኛም የምንጀምረው ከአንድ የናሙና ክፍል፣ ከአንድ የጋራ ማድረቂያና በቀኑ ከደረሰ ሥራ ነው።